ስለ ሚጥል በሽታና ስለ አንድ የነርቭ ሐኪም የምርምር ጽሑፎች

የመጽሔቱ አዘጋጆች ከሳይንስ በኩል አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ሰው አንጎል በጠቅላላው ለመጻፍ ነበር። ሦስት ገጽ ያህል ጽፌ ለባዮሎጂ መምህራችን ባሳያቸው አንብበው ሲጨርሱ፣ «ይህ ሁሉ በመማሪያ መጽሐፉ ላይ አለ፤ አንተ ምን ጨመርህበት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም ጥቂት ካሰቡ በኋላ አንድ ምክር ሰጡኝ። ይኸውም አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ መርጬ ያሳተማቸውን ጽሑፎች ዝርዝር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድከታተልና ያየሁትን እንድጽፍ ነው።

እኔም የመረጥሁት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትን ነው። እርሳቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ያስተማሩና ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የነርቭ ሐኪሞች አንዱ የሆኑ ሰው ናቸው። የመረጥሁበት ምክንያት ግን ዝናቸው አይደለም። ብዙው ጽሑፋቸው ስለ ሚጥል በሽታ ስለ ሆነና ይህ በሽታ ደግሞ በልጅነቴ አንድ ያልተከፈለ ዕዳ ስለ ተወብኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። ሒሳብ ከእኔ ይበልጥ ይችላል፤ እኔም በአማርኛ እረዳው ነበር። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ ኳስ ስንጫወት ድንገት ጮኾ ወደቀ። እጅና እግሩ ይንፈራገጥ፣ አፉም አረፋ ይደፍቅ ጀመር። አንድ ትልቅ ልጅ ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫው ሥር ያዘለት። ሌላው «አትንኩት፣ ይተላለፋል!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ሮጥን። እኔም ሮጥሁ። በማግሥቱ ልጁ ሲመጣ ቦታዬን ቀይሬ ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን ተቀመጠ፤ ዓመቱም ሳያልቅ ትምህርቱን ተወ።

እንግዲህ ወደ ዝርዝሩ ልመለስ። ብዙዎቻችሁ እንደምትገምቱት የአንድ ተመራማሪ የጽሑፍ ዝርዝር ሲያዩት የሚያጓጓ ነገር አይደለም። የደራሲዎች ስም፣ ርእስ፣ የመጽሔቱ ስም፣ ዓመት፣ ገጽ፤ ሌላ ምንም የለበትም። ለንባብ የሚጋብዝ አንድ ቅጽል እንኳ አይገኝበትም። ይሁን እንጂ እንዴት እንደሚነበብ ካወቁት ብዙ ይናገራል። በሕክምና ጽሑፎች ልማድ መጀመሪያ የሚሰፈረው ስም አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን በእጁ የሠራውና ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ነው። መጨረሻ ላይ የሚገኘው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሥራውን የመራው ነው። በመካከል ያሉት የረዱ ናቸው። ጽሑፉም ከመታተሙ በፊት በሙያው የሚታወቁ ሌሎች ሰዎች ያነቡታል፤ ይተቹታል፤ ስሕተት ካገኙበት ይመልሱታል። ሰው በራሱ ገንዘብ ከሚያሳትመው መጽሐፍ የሚለየውም በዚህ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አጋጠመኝ። የፕሮፌሰሩን ስም በፈለግሁ ጊዜ ሁለት ሰው የሆኑ መሰለኝ። አንዳንዱ መዝገብ «ተክለ ሃይማኖት ረ.» ይላቸዋል፤ ሌላው ደግሞ «ተክለ»ን ቈርጦ ጥሎ «ሃይማኖት» ብቻ በሚል ስም ያስገባቸዋል። ፈረንጆች የቤተ ሰብ ስም ስላላቸው መዝገባቸውም በዚያው የተሠራ ነው። የእኛ ሰው ግን በራሱ ስም የሚጠራ ስለ ሆነ የአባቱ ስም እየተሰነጠቀ አንዱ ሰው በሁለት ፊደል ሥር ይበተናል። ስለዚህ የኢትዮጵያዊን ተመራማሪ ሥራ የሚፈልግ ሰው በሁሉም አጻጻፍ መፈለግ አለበት። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ ሁለት ከሰዓት በኋላ አጥፍቻለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ፣ በመዝገቦቹ ላይ እንዳሉት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በዝርዝሩ ቀደም ብለው ከሚገኙት ጽሑፎች አንዱ በ1987 የወጣው ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ስላለው የፍሎራይድ መመረዝ የሚናገር ነው። በዚያ አገር የጕድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ፍሎራይድ በጥቂቱ ለጥርስ የሚጠቅም ሲሆን ሲበዛ ግን በልጅነት ጥርስን ያበልዛል፤ ለብዙ ዓመት ከተጠጣ ደግሞ አጥንትን ያወፍራል፣ ያደነድናል። አንባቢ «ይህ የጥርስና የአጥንት ነገር ከነርቭ ሐኪም ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር። መልሱ በ1990 በወጣው ሌላ ጽሑፋቸው ላይ ይገኛል። የአከርካሪ አጥንት ሲወፍር በውስጡ የሚያልፈው ኅብለ ሰረሰር የሚያልፍበት ቦታ ይጠብበታል፤ ተጨምቆም ሰውየው እግሩ ይሰንፋል። እንግዲህ ሐኪሙ እግሩ የሰነፈውን ሰው እያየ ወደ ኋላ ቢከተል የሚደርሰው ከውኃው ጕድጓድ ላይ ነው ማለት ነው።

ዋናው ነገር ግን በዚያው በ1990 የወጡት የቡታጅራ ጥናቶች ናቸው። ቡታጅራ ለእኛ ለኮልፌ ልጆች ሩቅ አገር አይደለም። ከሰፈራችን ብዙ ቤተ ሰብ ለመስቀል ወይም ለዐረፋ ወደዚያ ይሄዳል፤ የማረቆ በርበሬም በየቤታችን አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ከኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ1980ዎቹ በቡታጅራ አካባቢ የገጠር ጤና ምርምር ጀምሮ ነበር። ፕሮፌሰር ረዳም እንደ ላርስ ፎርስግሬንና እንደ ያን ኤክስቴት ካሉ የኡሜኦ ሐኪሞችና ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በመስቃንና ማረቆ ወረዳ አንድ ትልቅ ሥራ ጀመሩ።

ሥራው በአነጋገር ቀላል ነው፤ ቤት ለቤት እየዞሩ መጠየቅ። ለምን ይህን ያህል ድካም አስፈለገ? በሆስፒታል ተቀምጦ የሚመጡትን መቍጠር አይቻልም ነበርን? አይቻልም። ወደ ሆስፒታል የሚመጣው የሰማ፣ ገንዘብ ያለው፣ መንገድ የቀረበው ነው። ቤተ ሰቡ ጓዳ የደበቀው ልጅ በሆስፒታል መዝገብ ላይ አይገኝም። ስለዚህ በሆስፒታል የተቈጠረው የበሽታው ብዛት ሳይሆን የመጣው ሰው ብዛት ብቻ ነው። ይህን ነጥብ እስካነብ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን በጋዜጣ ላይ ቍጥር ባየሁ ጊዜ ሁሉ «የተቈጠረው የት ተቀምጦ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

አሠራራቸውም ሁለት ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ፣ ሐኪም ያልሆኑ ሠራተኞች መጠይቅ ይዘው በየቤቱ ይገባሉ። «ከቤተ ሰባችሁ ድንገት ወድቆ ራሱን የሚስት አለን? እግሩ የሰለለ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ መናገር የማይችል አለን?» እያሉ ይጠይቃሉ። በዚህ የተገኙትን ሰዎች ደግሞ የነርቭ ሐኪም ራሱ ይመረምራቸዋል። እንደዚህ ካልተደረገ አንድ ሐኪም በወረዳው ያለውን ሰው ሁሉ መርምሮ መጨረስ አይችልም። በወንፊት እንደ ማበጠር ነው፤ ወንፊቱ ሰፊ ከሆነ ገለባው ያልፋል፣ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ፍሬው ይቀራል። ስለዚህ መጠይቁን አስቀድመው በጥቂት ሰው ላይ ሞከሩት።

የተጠናው ሕዝብ 60,820 ነበር። ከዚህ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሆነው የተገኙት 316 ናቸው። ከሺህ ሰው 5.2 ማለት ነው፤ እኔም በወረቀት ላይ አባዝቼ አየሁት፣ ይገጥማል። ከነርቭ በሽታዎች ሁሉ በብዛት አንደኛ የሆነው ይህ በሽታ ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ የልጅነት ልምሻ የተወው ሽባነት ተገኘ። የአእምሮ ዕድገት ዝግመት፣ መስማትና መናገር አለመቻል፣ ደግሞም በሥጋ ደዌ ምክንያት የሚመጣ የነርቭ ጕዳት በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ዘነበ ወርቅ ያለውን የአለርትን ሆስፒታል የምናውቅ የኮልፌ ሰዎች ስለ ሥጋ ደዌ ብዙ ሰምተናል፤ ነገር ግን በሽታው የቆዳ ብቻ ሳይሆን የነርቭ እንደ ሆነ፣ ጣትም የሚጐዳው ነርቩ ስለ ሞተና ሕመም ስለማይሰማው እንደ ሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን?

አሁን ወደ ሁለት ቍጥሮች ልምጣ፤ ጽሑፉን ሳነብ ያቆሙኝ እነርሱ ናቸውና። የመጀመሪያው የዕድሜ ነገር ነው። በሽታው በብዛት የተገኘው ከ10 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ነበር። ይህ የእኛ ዕድሜ ነው። ሁለተኛው የሕክምና ነገር ነው። ከ316ቱ ሰዎች ውስጥ በሽታውን ለማከም የታወቀውን መድኃኒት ወስደው የነበሩት በመቶ 1.6 ብቻ ነበሩ። ከ316 ላይ ይህ አምስት ሰው ማለት ነው። ሦስት መቶ ዐሥራ አንዱ ምንም አልነበራቸውም። መድኃኒቱ ገና ስላልተገኘ ነው እንዳይባል፣ ፌኖባርቢታል የተባለው ኪኒን ለዚህ በሽታ እንደሚረዳ ጀርመናዊው ሐኪም ሃውፕትማን ያስታወቀው በ1912 ነው። ዋጋውም ከሌሎቹ መድኃኒቶች እጅግ የረከሰ ነው። በመድኃኒቱ መገኘትና በጥናቱ መውጣት መካከል 78 ዓመት አለ።

ይህ በሽታ ምንድር ነው? በሰው አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጋ የነርቭ ሕዋስ አለ። እነዚህ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክትና በኬሚካል ነው። በጤናማ ጊዜ ንግግራቸው በገበያ እንዳለ ሰው ነው፤ እያንዳንዱ የየራሱን ይናገራል፣ አንዱም ሌላውን ያዳምጣል። አንዳንዱ ሕዋስ ጎረቤቱን የሚቀሰቅስ፣ አንዳንዱም ዝም የሚያሰኝ ነው። ይህ ሚዛን ሲፈርስ ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ በአንድ ድምፅ መጮኽ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ሰውየው ይወድቃል። ጩኸቱ ከአንጎል በአንድ በኩል ብቻ ሲሆን ደግሞ ላይወድቅ ይችላል፤ እጁ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ለጥቂት ጊዜ ዐይኑን አፍጥጦ ዝም ይላል። መምህር «ሐሳብህ የት ሄደ?» ብሎ የሚቈጣው ልጅ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሊሆን ይችላል።

ሃንስ በርገር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ የራስ ቅልን ሳይከፍት ይህን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ከቆዳ ላይ መመዝገብ እንደሚቻል በ1929 አሳተመ። የቡታጅራው ጥናትም ይህንኑ ምርመራ ተጠቅሟል። በአገራችን ገጠር ለሚኖር ሰው የአንጎሉ ማዕበል በወረቀት ላይ ተሥሎ ሲታይ በዚያ ዘመን ትንሽ ነገር አልነበረም።

በልጅነትና በወጣትነት የሚበዛበት ምክንያት ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ ነው። የሕፃን አንጎል በተወለደ ጊዜ ክብደቱ ከዐዋቂው ሩብ ያህል ነው። ስድስት ዓመት ሲሞላው ግን ከዐዋቂው ጋር ሊተካከል ጥቂት ይቀረዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው መጠን መጨመር ሳይሆን መስተካከል ነው፤ የማያስፈልገው መገናኛ ይቈረጣል፣ የሚያስፈልገው ደግሞ በስብ ልባስ ይሸፈንና ይፈጥናል። ግንባራችን ሥር ያለው፣ ለማሰብና ራስን ለመግዛት የሚያገለግለው ክፍል፣ ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላም ገና በማደግ ላይ ነው። (ይህን ለእናቴ በነገርኋት ጊዜ «ለዚህ ነው እንግዲህ» ብላ ሳቀች።) በማደግ ላይ ያለ አንጎል ለመማር የቀለለ እንደ ሆነ ሁሉ ለመቀስቀስም የቀለለ ነው። በዚህ ላይ በምጥ መርዘም ምክንያት አየር ያጠረው፣ ማጅራት ገትር ወይም ወደ ራስ የወጣ ወባ የታመመ፣ ከዛፍ ወድቆ ራሱን የተመታ ልጅ አንጎሉ ላይ ጠባሳ ሊቀር ይችላል፤ ጠባሳውም ኋላ የሚጥል በሽታ ይሆናል። በዘር የሚመጣም አለ። በብዙዎች ላይ ደግሞ ምክንያቱ አይታወቅም። በምንም ዓይነት ግን ከሰው ወደ ሰው በመንካት፣ በትንፋሽ ወይም በአፍ አረፋ አይተላለፍም።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ማወቅ ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ሆነ በ1991 የወጣው ጽሑፍ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ በዚህ ጊዜ የጠየቁት የታመሙትን ሳይሆን በዙሪያቸው ያለውን ሕዝብ ነው። «ይህ በሽታ ከምን ይመጣል? ይተላለፋልን? ልጅህን ለታመመ ሰው ትድራለህን?» ብለው ጠየቁ። ብዙ ሰው በሽታው ከርኩስ መንፈስ እንደሚመጣና በሚጥልበት ጊዜ የነካው ሰው እንደሚያዝ ያምን ነበር። ይህን ሳነብ የገጠሩን ሕዝብ ለመንቀፍ አልቻልሁም። እኔ በአዲስ አበባ ከተማ፣ መብራትና መጽሐፍ ባለበት፣ ያደረግሁት ከዚሁ የተለየ አይደለምና። በሽተኞቹ ላይ ከተገኙት ጕዳቶች አንዱ የእሳት ቃጠሎ ነው። ሰው ምድጃ ላይ ሲወድቅ አጠገቡ ያለው ለመንካት ከፈራ የሚሆነው ግልጽ ነው። ጠበል የሚሄድ ጠበሉን፣ ዱዓ የሚያስደርግ ዱዓውን አይተው፤ ከእነዚህ ጋር ኪኒኑን ቢጨምር ግን አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሰው ሲወድቅ ምን ይደረግ? ይህን የጻፍሁት መምህራችን ስላዘዙኝ ጭምር ነው። በአጠገቡ ያለውን ድንጋይና እሳት ማራቅ፣ ከራሱ ሥር ልብስ ማንጠፍ፣ የአንገት ቍልፉን መፍታት፣ መንፈራገጡ ጋብ ሲል በጎኑ ማስተኛት። አለመያዝ፤ አለመጫን። በአፉ ውስጥ ማንኪያም ቢሆን ጣትም ቢሆን ውኃም ቢሆን አለማስገባት። ክብሪቱ ምንም አይጠቅምም፤ ጭሱ አየር ለሚያስፈልገው ሰው ጕዳት ነው። የሚጥለው ነገር የሚተወው ብዙውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ጊዜ ስለ ሆነ ክብሪት የያዘው ሰው «አዳንሁት» ይላል፤ ልማዱም የሚኖረው በዚህ ይመስለኛል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

በ1997 የወጣው ጽሑፍ እንደገና የቡታጅራን አካባቢ ይመለከታል፤ ጥያቄው ግን ሌላ ነው። የፊተኛው «ስንት ሰው ታሟል?» ሲል ይህኛው «በየዓመቱ ስንት ሰው አዲስ ይታመማል?» ይላል። ልዩነቱን በበርሜል ውኃ ልግለጸው። በበርሜሉ ውስጥ ያለው ውኃ አንድ ነገር ነው፤ ከቧንቧው በየቀኑ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። የሚገባውን ለማወቅ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ተመራማሪዎቹም ለሦስት ዓመት ተኩል ያህል ተከታተሉ። መልሱ በዓመት ከ100,000 ሰው 64 ሆነ። ይህም በበለጸጉ አገሮች ከሚታወቀው የበለጠ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ሂሳብ ልጨምር። በበርሜሉ ያለው ከ100,000 ሰው 520 ነው። በየዓመቱ የሚገባው 64 ነው። 520 ለ64 ሲካፈል ስምንት ይሆናል። እንግዲህ አንድ ሰው በበርሜሉ ውስጥ የሚቈየው በአማካይ ስምንት ዓመት ያህል ነው ማለት ነው። ከዚያስ በኋላ ወዴት ይሄዳል? የሚወጣባቸው በሮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ መዳንና መሞት። ይህን ሂሳብ ለሒሳብ መምህራችን ባሳያቸው፣ በርሜሉ ሁልጊዜ በአንድ ልክ የቆመ ካልሆነ በቀር ስሌቱ በትክክል እንደማይሠራ ነገሩኝ፤ ልክ ናቸው። ስለዚህ ይህ የተማሪ ግምት እንጂ የጽሑፉ ቃል አለመሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ። የሆነ ሆኖ በዚያ ሌሊት ስለ ሁለተኛው በር ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የክፍል ጓደኛዬን ካየሁት ስድስት ዓመት አልፎ ነበር።

ከሚጥል በሽታ ውጭ ስላሉት ሥራዎቻቸው በአጭሩ ልናገር። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በደምቢያና በፎገራ፣ ስለ ጓያ ያደረጉት ጥናት በ1990 ወጥቷል። ጓያ በድርቅ ጊዜ ሌላው እህል ሲጠፋ የማይጠፋ፣ ድኻን ከሞት የሚያተርፍ ጥራጥሬ ነው። ነገር ግን ለወራት ያለ ሌላ እህል ብቻውን ከተበላ በውስጡ ያለው መርዝ እግርን የሚያዝዙትን የነርቭ ሕዋሳት ይጐዳል፤ ጠንካራ ወጣት በድንገት በበትር የሚሄድ ይሆናል፤ ከዚያም አይድንም። በ1993 በወጣው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ሰዉ ጓያውን እንዴት አድርጎ እንደሚበላውና በየምግቡ ውስጥ ምን ያህል መርዝ እንዳለ ከኬሚስቶች ጋር ሆነው ለኩ። ይህን መንገድ ሌሎች ቀጠሉበት። ዶክተር ኃይለ ኢየሱስ ጌታሁን የተባሉ ኢትዮጵያዊ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2003 ላንሴት በተባለው በታወቀው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ በረኀብ ጊዜ የሚታደል እህል ከጓያው ጋር ሲበላ ሽባነቱን እንደሚቀንስ አመለከቱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስገርመኛል። ገበሬው ጓያ እንደሚጐዳ ያውቃል፤ የሚበላው ስላላወቀ ሳይሆን ሌላ ስለሌለው ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ትምህርት ሳይሆን እህል ሆነ።

ዝርዝሩ ወደ 2000ዎቹ ሲገባ የፕሮፌሰሩ ስም ከመጀመሪያው ቦታ ወደ መካከልና ወደ መጨረሻ እየሄደ መሆኑን አስተዋልሁ። ይህ መውረድ አይደለም። ተማሪዎች ደርሰዋል ማለት ነው። በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ፤ ከዚያ በፊት ይህን ሙያ የፈለገ ሐኪም ባሕር ተሻግሮ መማር ነበረበት። በዚያው ዓመት እነ ዶክተር ተሾመ ሽብሬና ዶክተር አታላይ ዓለም በቡታጅራ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎችና ቤተ ሰቦቻቸው የሚሰማቸውን መገለል አጥንተው ሲያሳትሙ ፕሮፌሰር ረዳም ከደራሲዎቹ አንዱ ነበሩ። በ2016 ደግሞ ስለ ራስ ምታት ብዛት በኢትዮጵያ የወጣ ጽሑፍ አለ፤ እናቴ ከሁሉ የወደደችው ይህን ነው፤ ራስ ምታትም በምሁራን ዘንድ የሚቈጠር በሽታ መሆኑን አላወቀችም ነበርና።

በዝርዝሩ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ከእነዚህ ጽሑፎች ያገኘኋቸው ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ቤቷ ተንኳኩቶ ስለ ልጇ የተናገረች የመስቃን እናት መልሷ በጽሑፉ ውስጥ ቍጥር ሆኖ አለ፤ ጽሑፉ ግን ወደ እርሷ አይመለስም። ይህ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም፤ የዓለም ሳይንስ የሚነጋገረው በዚያ ቋንቋ ነው። ቢሆንም መንገዱ ለአንድ ወገን ብቻ የተሠራ ድልድይ ይመስላል።

ለዚህም ይመስለኛል በ2016 ከወጡት ሥራዎቻቸው አንዱን ከሁሉ ይበልጥ የወደድሁት። እርሱም ስለ ሚጥል በሽታ የሚያስተምር የሥዕል ታሪክ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች አስነብበው ዕውቀታቸውና አስተያየታቸው ምን ያህል እንደ ተለወጠ የመረመሩበት ነው። መርዝና ማዕበል ሲለኩ የኖሩ ሐኪም በመጨረሻ የልጆችን የሥዕል መጽሐፍ ለመለካት ተነሡ። ከ10 እስከ 19 ያለው ዕድሜ እንደገና መጣ ማለት ነው፤ አሁን ግን ታማሚው ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ የተቀመጠውም ተቈጠረ።

ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ ከመስጠቴ በፊት የድሮ ጓደኛዬን ፈልጌ አገኘሁት። ቤተ ሰቡ ወደ አየር ጤና ተዛውሮ ኖሯል። እናቱ ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ፤ «የእገሌ ልጅ አይደለህም እንዴ? ምነው እንዲህ ጠፋህ ልጄ?» አሉኝ። እርሱ አድጓል፤ ከእኔም ይረዝማል። ቀን ከአጎቱ ጋር ብረታ ብረት ይሠራል፤ ማታ ይማራል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ኪኒን በየማታው እየዋጠ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይጥለው ቈይቷል። ስሙን ሳልጠራ ስለ እርሱ ለመጻፍ ፈቃድ ስጠይቀው ወረቀቱን ተቀብሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበ። የበርሜሉን ሂሳብ ሲደርስ ቆመ፤ እርሳስ አውጥቶ 520ን ለ64 አካፈለና «8.125» ብሎ በኅዳጉ ላይ ጻፈበት። ከዚያም ገጹን ወደ ኋላ ገልጦ አንዱን ዐረፍተ ነገር በጣቱ አሳየኝ።

«አንተም ሮጠህ ነበር?» አለኝ። «እኔ እኮ የቀረህ መስሎኝ ነበር።»

«አልቀረሁም፤ ሮጫለሁ» አልሁት።